«ርካሽ ተቀባይ» ሲባል ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በፋይበር ኢንተርኔት ላይ የሚወጡ የምርምር ጽሑፎችን የምትከታተሉ ከሆነ አንድ ዓይነት ርዕስ ደጋግማችሁ አይታችኋል። ቃላቱ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ ለ10 ጊጋቢት የተሠራ ርካሽ ተቀባይ ተወስዶ፣ በኢኳላይዘር ታግዞ፣ በሰከንድ 50 ጊጋቢት ተላለፈበት። ግራፉ ያምራል፣ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። «ርካሽ» የምትለዋ ቃል ግን ከመግቢያው ተነሥታ እስከ መደምደሚያው ማንም ሳይጠይቃት ትሄዳለች። ዛሬ ልጠይቅ የፈለግሁት እሷን ነው።

ከወዲሁ ልናገር፣ ጠቤ ከኢኳላይዘር ጋር አይደለም። ኢኳላይዘርን በጣም ነው የምወደው፤ ተማሪዎቼን ያሰለቸኋቸውም በእሱ ነው። ጠቤ ወጪን ከአንድ ኪስ አውጥቶ ሌላ ኪስ ውስጥ ከከተተ በኋላ «ወጪ ቀነሰ» ከሚል አጻጻፍ ጋር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እናስቀምጠው። ፓሲቭ ኦፕቲካል ኔትወርክ፣ በአጭሩ ፖን፣ ቤታችሁ ፋይበር ገብቶ ከሆነ ምናልባት አሁን የምትጠቀሙበት መረብ ነው። ከቴሌኮሙ ማዕከል አንድ ፋይበር ይነሣና መንገድ ላይ ስፕሊተር በሚባል የመስታወት መክፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። «ፓሲቭ» የተባለው ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ በመሐል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር ስለሌለ ነው። ማራገቢያ የለም፣ ባትሪ የለም፣ የሚጠገን ካርድ የለም። ለዚህ ነው ርካሽ የሆነውም፣ የተስፋፋውም።

ስፕሊተሩ ግን በነፃ አይከፍልም። ብርሃኑን ለ32 ሲያካፍል ለእያንዳንዱ ቤት ቢበዛ አንድ ሠላሳ ሁለተኛው ነው የሚደርሰው፤ በመሐንዲሶች ቋንቋ 15 ዴሲቤል ሄደ ማለት ነው። የገመዱ ርዝመትና መገጣጠሚያዎቹ ሲጨመሩበት፣ በሰፊው የሚሠራበት የደረጃ መስፈርት መሣሪያዎቹ እስከ 29 ዴሲቤል ኪሳራ ድረስ እንዲችሉ ይጠይቃል። ይህም ማለት ከተላከው ብርሃን ከ800 እጅ አንድ እጁ ገደማ ብቻ ቤታችሁ ደረሰ ማለት ነው። በዚያች ጭላንጭል ላይ ነው እንግዲህ ፍጥነት የሚጨመረው። ጂፖን ወደ ቤት በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል። ቀጥሎ የመጣው ኤክስጂኤስ-ፖን 10 ጊጋቢት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2021 ያጸደቀው ደግሞ 50 ጊጋቢት ደርሷል።

በ50 ጊጋቢት አንድ ቢት የሚቆየው 20 ፒኮሰከንድ ነው። ፋይበር ውስጥ ስትለኩት ርዝመቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከጣት ጥፍራችሁ ያነሰ። ለ10 ጊጋቢት የተሠራ ተቀባይ በዚህ ፍጥነት ሲጠየቅ አንዱን ቢት ሰምቶ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስትጣሩ ማሚቶው ከቀጣዩ ቃላችሁ ጋር እንደሚደበላለቀው፣ የፊተኛው ቢት ጅራት በኋለኛው ላይ ይወድቃል። የኢኳላይዘር ሥራ ይህን ጅራት መቁረጥ ነው። አሁን የደረሰውን ናሙና፣ ከእሱ በፊት የነበሩትንና በኋላ የመጡትን ጥቂት ናሙናዎች ይወስድና እያንዳንዱን በክብደት አባዝቶ ይደምራል። ክብደቶቹን ማንም በእጁ አይሞላቸውም፤ አስቀድሞ የታወቀ ምልክት ተልኮለት ከስህተቱ ይማራቸዋል።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። በቤል ላቦራቶሪ የነበረው ሮበርት ለኪ ራሱን የሚያስተካክል ኢኳላይዘርን ለስልክ መስመር ያስተዋወቀው በ1965 ነው። የስልክ ሞደም ዘመን የነበራችሁ ያ ጩኸት ትዝ ይላችኋል? ከጩኸቱ ከፊሉ ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን ለመልመድ የሚላላኩት የመለማመጃ ምልክት ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? የመጀመሪያው፣ ኢኳላይዘር ኃይል አይፈጥርም። ያረጀ ካሴት ቴፕ ውስጥ ከትታችሁ ትሬብሉን ከፍ ያደረጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዘፋኙ ድምፅ ጥርት ይላል፣ የካሴቱ «ሽሽሽ»ም አብሮ ይነሣል። ቀርፋፋ ተቀባይ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ያዳክማል፣ ኢኳላይዘሩ ያንኑ መልሶ ያነሣል፣ ከተቀባዩ በኋላ የገባው የማጉያ ጫጫታም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ቀርፋፋ ተቀባይ ፈጣን ሆነ ስንል፣ ያን ያህል ተጨማሪ ብርሃን ይፈልጋል ማለታችን ነው። ብርሃን ደግሞ በፖን ውስጥ ከ800 አንድ እጅ ነው የቀረን። ብዙዎቹ ጽሑፎች ይህን ጉድለት እንዴት እንደሞሉት ለማወቅ የሙከራውን ሥዕል በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ላኪው አጠገብ አንዲት ሦስት ማዕዘን፣ ማለትም የብርሃን ማጉያ፣ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። ርካሹ ተቀባይ ውድ ላኪ አግብቷል። ርዕሱ ላይ የተጠራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የብርሃን መበተን፣ ዲስፐርሽን የሚሉት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደካማ ጽሑፍ ከጠንካራው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ፋይበር ውስጥ የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን በተለያየ ፍጥነት ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢቱ መንገድ ላይ እየሰፋ ይመጣል። ይህ ብቻ ቢሆን ኢኳላይዘር ይመልሰው ነበር። ነገር ግን ርካሹ ተቀባይ የሚያየው የብርሃኑን ኃይል እንጂ ፌዙን አይደለም። ፌዙ ሲጣል በተቀበልነው ምልክት ስፔክትረም ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ምልክቱ ዜሮ ይሆናል። ዜሮን በስንት ብታባዙት ዜሮ ነው። ትሬብል ብታነሡለት የምትሰሙት ጫጫታ ብቻ ይሆናል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በተለመደው ፋይበር በ1550 ናኖሜትር ላይ መበተኑ በኪሎሜትር 17 ፒኮሰከንድ በናኖሜትር ገደማ ነው። በ20 ኪሎሜትር 340 ይሆናል። የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ሌዘሩ ራሱ ምንም ችግር ባይጨምር፣ 13.5 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ይወድቃል። ለ50 ጊጋቢት ተራ የሁለት ደረጃ ምልክት የምንፈልገው ግን እስከ 25 ጊጋኸርትዝ ነው። ቀዳዳው መሐል ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲሱ ደረጃ ወደ ቤት የሚወርደውን ብርሃን 1342 ናኖሜትር ላይ ያስቀመጠው። እዚያ የ20 ኪሎሜትሩ ድምር በክፉው ሁኔታ 77 ያህል ነው፤ ቀዳዳውም ወደ 33 ጊጋኸርትዝ ይሸሻል፣ ከምንፈልገው ውጭ። ልብ በሉ፣ ኢኳላይዘሩ እንዲሠራ ያደረገው የሒሳብ ብልሃት ብቻ አይደለም። ቦታውን አስቀድሞ የመረጠለት ሰው አለ።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ ተመለሱ። ሙከራው 1310 ናኖሜትር ላይ ከሆነ፣ መበተኑ ዜሮ የሚጠጋበት ቦታ ነው፤ የተፈተነው የተቀባዩ ቀርፋፋነት ብቻ ነው። ፋይበሩ አለ፣ ግን ምንም አላደረገም። ይህ ነውር አይደለም። «20 ኪሎሜትር አለፍን» ብሎ መጻፍ ግን አንባቢ ያላለፉትን እንዳለፉ እንዲያስብ ያደርጋል።

ሦስተኛውና እኔንም ያቃጠለኝ የነርቭ ኔትወርክ ነገር ነው። ላለፉት ዓመታት ኢኳላይዘር የሚለው ቃል ያለ ነርቭ ኔትወርክ ብቻውን ሲወጣ ማየት ብርቅ ሆኗል። ውጤቱም ሁሌ ከተራው ይበልጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ዓይነት ውጤት አግኝቼ ነበር፤ ከቀጥተኛው ኢኳላይዘር በብዙ የሚሻል። ሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ዞርኩ። ከዚያ አንድ ተማሪዬ በጨዋነት «የላክነው ዳታ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የላክነው ቤተ ሙከራ ሁሉ የሚልከውን ነበር፣ በአንድ ቀላል ሕግ የሚመነጭ የይስሙላ ዘፈቀደ ቅደም ተከተል። በእኛው ዘንድ እያንዳንዱ ቢት የሚወሰነው ከእሱ 14 እና 15 ቦታ ቀድመው ባሉት ሁለት ቢቶች ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1። የእኛ ኔትወርክ ደግሞ በአንድ ጊዜ 31 ናሙና ያያል፣ ከግራም ከቀኝም 15። እንግዲህ ጎበዙ ኔትወርክ ቻናሉን ትቶ ሕጉን ተማረ። የደበዘዘውን ቢት ከማንበብ ይልቅ ከጎረቤቶቹ ገመተው። የመማሪያውንና የመፈተኛውን ዳታ ለይተን ነበር፤ ግን ሕጉ በሁለቱም አንድ ስለሆነ ምንም አልረዳንም። በእውነት ዘፈቀደ የሆነ ዳታ ስንልክ ያ ሁሉ ብልጫ ተነነ።

ያሳፈረኝ ደግሞ ጉዳዩ ተጽፎ የነበረ መሆኑ ነው። ኤሪክሰን፣ ቡሎቭና ሌቨን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ወጥመድ በ2017 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ በግልጽ አሳይተዋል። ቀጥተኛ ኢኳላይዘር በዚህ ወጥመድ የማይወድቀው ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ ያን «አንድ ዓይነት ወይስ የተለያየ» የሚል ሕግ በመደመር ብቻ መማር ስለማይችል ነው። ሚንስኪና ፓፐርት በ1969 ባወጡት መጽሐፍ የባለ አንድ ንብርብር ኔትወርክን ድክመት ያሳዩበት ያው ሕግ ነው። ድክመቱ እዚህ ጠባቂ ሆነ። ዛሬ ብዙ ጥሩ ቡድኖች የላኩት ምን ዓይነት ዳታ እንደሆነ ይጽፋሉ። ያልጻፈ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ግን ብልጫውን አትመኑት፤ ተንኮል ነው ብላችሁ ሳይሆን፣ እኔም ያለ ተንኮል ነው የወደቅኩት።

ሐቀኛው ብልጫ ምን ያህል ያስከፍላል? 21 ናሙና የሚያይ ቀጥተኛ ኢኳላይዘር ለአንድ ቢት 21 ማባዛት ይሠራል። ያንኑ 21 ናሙና ወስዶ 16 ኒውሮን ባለው አንድ ድብቅ ንብርብር የሚያሳልፍ ትንሽ ኔትወርክ ደግሞ 352። ትንሽ ነው እያልኩ ያለሁት፣ ልብ በሉ። በ50 ጊጋቢት ሲሆን የመጀመሪያው በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ያህል ማባዛት ነው፣ ሁለተኛው ከ17 ትሪሊዮን በላይ። በጽሑፉ ውስጥ ይህን ሥራ የሠራው ቺፕ አይደለም። ምልክቱ ቤት በሚያስገዛ ኦስሲሎስኮፕ ተቀድቶ፣ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ በእርጋታ፣ ቡና እየተጠጣ ነው የተሰላው። ለምርምር ጅማሬ ይህ ተገቢ አሠራር ነው፤ ሌላ መንገድም የለም። ግን በዚህ መንገድ የተፈተነ ተቀባይ «ርካሽ» መሆኑ አልተለካም። የተለካው መቻሉ ነው።

ስህተት የማረም ነገርም አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። በአዲሱ ደረጃ ስህተት አራሚው ኮድ ከመቶ ቢት አንዱ ቢሳሳት እንኳ ሊያጸዳው ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ጽሑፎች ስህተታቸው ከመቶ አንድ በታች ሲወርድ «አለፍን» ይላሉ፣ ኮዱን ራሱን ሳያስኬዱ። ኢኳላይዘር ግን ጫጫታውን ከማንሣቱ በላይ ያያይዘዋል፤ ስህተቶች ተራ በተራ ሳይሆን በመንጋ ይመጣሉ። በተለይ የወሰነውን ቢት መልሶ ለቀጣዩ ውሳኔ የሚጠቀመው ዓይነት አንዴ ከተሳሳተ ተከታታዮቹንም ይዞ ይወድቃል። በመንጋ የሚመጣ ስህተት ለኮዱ ከተበተነው ይከብደዋል።

አሁን ወደ ኪሱ እንምጣ። በፖን ውስጥ ሁለት ዓይነት ተቀባይ አለ። ማዕከሉ ያለው አንዱ ለ32 ቤት ይሠራል፣ ዋጋውም ለ32 ይካፈላል። ቤታችሁ ያለው ሣጥን ውስጥ ያለው ግን የእናንተ ብቻ ነው። «ርካሽ ተቀባይ» ሲባል የሚታሰበው ይሄኛው ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠረው። የፎቶዳዮዱን ዋጋ ቀንሳችሁ በምትኩ ፈጣን አናሎግ-ዲጂታል መለወጫና ትልቅ የስሌት ቺፕ ስትጨምሩበት፣ ሣጥኑን የሚገዛው ሰው በአንዱ ያተረፈውን በሌላው ይከፍላል። የቺፑ ዋጋ በብዛት ሲመረት ይወርዳል የሚለው መልስ እውነት ነው። የኤሌክትሪኩ ግን አይወርድም፣ በየቀኑ ይከፈላል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ኢኳላይዘሩ አንድ ዋት ጨመረ እንበል። ሣጥኑ ቀን ከሌት ስለሚበራ በዓመት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለአንድ ቤት ምንም አይደለም። ለአንድ ሚሊዮን ቤት አንድ ሜጋዋት ያለማቋረጥ የሚያመነጭ ጣቢያ ይጠይቃል። በመሐል ኤሌክትሪክ የለም ብለን «ፓሲቭ» ያልነው መረብ ኤሌክትሪኩን ወደ ጫፎቹ ገፋው እንጂ አላስቀረውም። መብራት ሲጠፋ የቤቱን ሣጥንና ራውተር በትንሽ ባትሪ የምታቆዩ አዲስ አበቤዎች ይህ አንድ ዋት ምን ማለት እንደሆነ ከማንኛውም ጆርናል ገምጋሚ በላይ ታውቃላችሁ፤ ባትሪው የሚቆይበት ሰዓት ላይ ነው የሚታየው።

ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የደረጃ አውጪዎቹ መለያየት ነው። አይትሪፕልኢ በ2020 ባጸደቀው ደረጃ በአንድ የብርሃን ቀለም ላይ 25 ጊጋቢት ብቻ መረጠ፤ 50 ለሚፈልግ ሁለት ቀለም ይደረግለት አለ። ብርሃኑ ይጨመር፣ ስሌቱ ይቅለል ማለት ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በአንድ ቀለም 50 አለ፣ 25 ጊጋቢት ደረጃ ያለው ፎቶዳዮድ ላይ ኢኳላይዘር ይኖራል ብሎ አስቦ። ያው ፊዚክስ፣ ያው ፋይበር፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ልዩነቱ ወደፊት የትኛው ይረክሳል በሚለው ግምት ላይ ነው፣ ሌዘሩ ወይስ ቺፑ። እኔ ወደ ኅብረቱ አዘነብላለሁ። ሁለት ሌዘር፣ ሁለት ተቀባይና ማጣሪያ በየቤቱ ከማኖር አንድ መካከለኛ ኢኳላይዘር ይሻላል። በዚያ ላይ በዳታ ማዕከሎች ውስጥ ይህን ዓይነት ስሌት የሚሠሩ ቺፖች በብዛት እየተመረቱ ስለሆነ መንገዱ ተጠርጓል።

ነገር ግን ያው ምክንያት በ10 ጊጋቢቱ ፎቶዳዮድ ላይ ይመሰክርበታል። አንድ ዕቃ ርካሽ የሚሆነው ቀርፋፋ ስለሆነ ሳይሆን ብዙ ስለተመረተ ነው። የ10 ጊጋቢቱ ተቀባይ ርካሽ የሆነው ኤክስጂኤስ-ፖንና ዘመዶቹ በብዛት ስላስመረቱት ነው። የ25 ጊጋቢቱም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለማትረፍ ብሎ አሥር ዓመት በየቤቱ የሚነድ ከባድ ኢኳላይዘር መንደፍ፣ የሚያልፍ ትርፍን በማያልፍ ወጪ መግዛት ነው። ይህን ሚዛን የሚያነሣ ጽሑፍ እምብዛም አይገጥመኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የምወደውንም ልንገራችሁ። ደረጃው ራሱ አንድ ግሩም ነገር አድርጓል። ላኪው ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሲመዝን በባዶ ዓይን አያይም፤ በጽሑፍ የተወሰነ ቀላል ኢኳላይዘር አልፎ ምን እንደሚመስል ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁሉም አምራች የሚፎካከረው በአንድ ሚዛን ነው። የምርምር ጽሑፎችም ይህን ልማድ ቢይዙ ግማሹ ክርክሬ ይቀር ነበር፤ አዲሱን ኢኳላይዘር ከምንም ጋር ሳይሆን፣ በደንብ ከተስተካከለና ያንኑ ያህል ናሙና ከሚያይ ተራ ቀጥተኛ ኢኳላይዘር ጋር አወዳድሩ፣ ለአንድ ቢት የሚሠራውን የማባዛት ብዛት ከስህተቱ ቁጥር ጎን ጻፉ። አንዳንዶቹ እንዲህ ያደርጋሉ፤ እነሱን ሳነብ ደስ ይለኛል፣ ብልጫቸው ከአንድ ዴሲቤል ቢያንስም።

በጣም የሚርበኝ ግን ከቤት ወደ ማዕከል ስለሚወጣው ምልክት የሚጻፍ ነው። ወደ ቤት የሚወርደው ምልክት ሳያቋርጥ ስለሚመጣ ኢኳላይዘሩ ተረጋግቶ ይማራል። ወደ ላይ ግን 32 ቤት በየተራ በጥድፊያ ይልካል፤ አንዱ 2 ኪሎሜትር ላይ ነው፣ ሌላው 18፣ የአንዱ ሌዘር አዲስ ነው፣ የሌላው በሙቀት የደከመ። ማዕከሉ አዲስ ተናጋሪ በመጣ ቁጥር ክብደቶቹን መልሶ መማር ወይም የእያንዳንዱን ቤት ማስታወስ አለበት። 100 ናኖሰከንድ ለመማሪያ ብትሰጡት በ50 ጊጋቢት 5000 ቢት ጊዜ ባከነ ማለት ነው፣ በእያንዳንዱ ተራ። እዚህ ተቀባዩ ለ32 ቤት ስለሚካፈል ብልህ ኢኳላይዘር ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው ለወራጁ ነው፣ ምክንያቱም በኦስሲሎስኮፕ ለመቅዳት የሚቀለው እሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ ከግራፉ በፊት የሙከራውን ሥዕል ክፈቱና ሦስት ማዕዘኗን ፈልጉ። ከዚያ ምልክቱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ እዩ።